ልጅ ኢያሱና በኤውሮፓ የተነሣው ታላቅ ጦርነት

ልጅ ኢያሱ በ1887 ዓ.ም. በወሎ አገር በደሴ ተወለዱ። አባታቸው ራስ ሚካኤል የወሎ ገዥ ነበሩ፤ እናታቸው ወይዘሮ ሸዋረጋ ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክ ልጅ ነበሩ። ራስ ሚካኤል በቀድሞ ስማቸው ኢማም መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር፤ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነሥተው ሚካኤል ተባሉ። እንግዲህ ልጅ ኢያሱ በእናታቸው የሸዋው ንጉሠ ነገሥት የልጅ ልጅ፥ በአባታቸው የወሎ እስላም ባላባቶች ዘር ነበሩ። ይህን ነገር አንባቢው በልቡ ይያዝ፤ በኋላ ከሚመጣው ነገር ሁሉ ጋር የተያያዘ ነውና።

እናታቸው ገና በሕፃንነታቸው ሞቱባቸው። ዐፄ ምኒልክ በሕይወት የቀረ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው፥ ታመው እጅና እግራቸው መታዘዝ በተሳነው ጊዜ፥ በ1901 ዓ.ም. ይህን የልጅ ልጃቸውን ወራሼ ነው ብለው ለመኳንንቱ ገለጡ። ልጅ ኢያሱ በዚያን ጊዜ የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። ዕድሜያቸው ለመንግሥት ሥራ ያልደረሰ ስለ ሆነ፥ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው እንደራሴ ሆነው እንዲጠብቋቸው ተሾሙ። ነገር ግን ራስ ተሰማ በ1903 ዓ.ም. ሞቱ፤ በእርሳቸው ቦታ ሌላ ጠባቂ አልተተካም። በባንጃና በአንከሻ መስክ ፈረስ ሲጋልብ ያየ የአገው ልጅ፥ ገና ያልተገራ ውርንጭላ ልጓሙ ሲፈታለት ምን እንደሚሆን ያውቃል። የዐሥራ ስድስት ዓመቱ ልጅ ኢያሱም በእንደዚያ ያለ ጊዜ የአገሪቱ ሁሉ ገዥ ሆኑ።

ዐፄ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ። ሞታቸው ለሕዝቡ ሳይነገር ብዙ ጊዜ ቆየ። ልጅ ኢያሱ በአያታቸው ዙፋን ቢቀመጡም ዘውድ አልደፉም፤ ዕድሜያቸውን ሁሉም ልጅ እንደተባሉ ኖሩ። አባታቸውን ግን በዚያው በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ አሰኝተው በወሎና በትግሬ ላይ አነገሡ። በዚህ የሸዋ መኳንንት ደስ አላላቸውም፤ መንግሥት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሄደብን ብለው በልባቸው አዘኑ።

ስለ ልጅ ኢያሱ ክፋታቸውን ብቻ የሚናገሩ ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ ነገር ግን እውነተኛ ታሪክ ሁለቱንም ወገን ይመዝናል። በእርሳቸው ዘመን በአዲስ አበባ የከተማ ዘበኛ ተቋቋመ፤ የመንግሥትም ገንዘብና ንብረት እንዲቆጠር ታዘዘ። ሌባ ሻይ የሚባለውን ክፉ ልማድ እንዲቀር ያዘዙ እርሳቸው ናቸው። ሌባ ሻይ ማለት፥ ዕቃ የጠፋበት ሰው ሲጮህ፥ አንዱን ትንሽ ልጅ የሚያፈዝ መድኃኒት አጠጥተው በወገቡ መቀነት አስረው ይለቁት ነበር። ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ ከአንዱ ቤት ገብቶ ሲወድቅ፥ የቤቱ ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይከፍል ነበር። በዚህ ልማድ ስንት ንጹሕ ሰው እንደ ተጐዳ፥ ስንትም ሕፃን በመድኃኒቱ ራሱን እንደ ሳተ የሚቈጥረው የለም። ይህን ያስቀረ ሰው ምስጋና ይገባዋል።

በሌላ ወገን ደግሞ በ1904 ዓ.ም. ወደ ጊሚራ አገር ዘምተው ብዙ ሕዝብ በባርነት እንዲነዳ አደረጉ፤ ይህ በምንም የማይመካኝ ግፍ ነው። ከዚህም በቀር በአንድ ስፍራ መቀመጥ አይወዱም ነበር። አዲስ አበባን ትተው ለብዙ ወራት በአፋር በረሓ፥ በሐረርና በወሎ ይዘዋወሩ ነበር። ሚኒስትሮቹ ማኅተም የሚያስፈልገውን ወረቀት ይዘው ጌታቸው የት እንዳሉ እየጠየቁ ይጠብቁ ነበር። ካገቡአቸው ሴቶች አንዲቱ ከጐጃም ነበሩ፤ እኒህም የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ናቸው። የኛም አገር ሰዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ እንዴት እንደ ገቡ ወደ ፊት እናያለን።

አሁን ወደ ኤውሮፓ እንለፍ። በሰኔ ወር 1906 ዓ.ም. የአውስትሪያ ንጉሥ አልጋ ወራሽ ሳራዬቮ በምትባል ከተማ በጥይት ተገደሉ። አንድ ወር ሲሞላ፥ ሐምሌ 21 ቀን፥ አውስትሪያ በሰርቢያ ላይ ጦርነት አወጀች። ሰርቢያን ሩስያ ደገፈች፤ አውስትሪያን ጀርመን ደገፈች፤ ከሩስያ ጋር ፈረንሳይ ቃል ኪዳን ነበራት። አንዱ ሌላውን እየጐተተ በጥቂት ቀን ውስጥ ታላላቆቹ መንግሥታት ሁሉ ከጦርነት ገቡ።

ከሁለት ተዋጊዎች ለአንዱም ሳይወግን የሚቀመጥ አገር ገለልተኛ ይባላል። ገለልተኛ አገር ወታደሩን አይልክም፤ ለተዋጊዎቹ መሣሪያ አይሰጥም፤ አንዱም ወገን በምድሩ ላይ አልፎ ሌላውን እንዲወጋ አይፈቅድም። ይህ ለመናገር ቀላል ነው፤ ለማድረግ ግን እጅግ ይከብዳል። ቤልጅግ ከ1839 ዓመተ እግዚእ ጀምሮ ገለልተኛ ሆና እንድትኖር ታላላቆቹ መንግሥታት ፈርመውላት ነበር፤ ከፈረሙትም አንዷ የጀርመን ፕሩሲያ ነበረች። ሆኖም ወደ ፈረንሳይ የሚያደርሰው አጭር መንገድ በቤልጅግ ላይ ስላለፈ የጀርመን ጦር ሐምሌ 28 ቀን 1906 ዓ.ም. ድንበሯን ጥሶ ገባ። እንግሊዝም ስለዚሁ ነገር ከጦርነት ገባች። በመንገድ ዳር ቤት የሠራ ሰው፥ ጠበኞች በደጁ ሲያልፉ በሩን ቢዘጋ እንኳ አጥሩ ይሰበርበታል።

ኢትዮጵያ ደግሞ በመንገድ ዳር ብቻ ሳይሆን በመካከል ነበረች። ካርታ ያለው ልጅ ጣቱን በድንበሯ ላይ ይዙር። ከዳንግላ ተነሥቶ በመተከል በኩል ወደ ምዕራብ የወረደ ነጋዴ የሚደርስበት ሱዳን በእንግሊዝ እጅ ነበረ። በደቡብ ያለው ኬንያ እንደዚሁ የእንግሊዝ ነበረ። በምሥራቅ ከሱማሌ አገር አንዱ ክፍል በእንግሊዝ፥ አንዱ ክፍል በኢጣልያ፥ ጅቡቲ በፈረንሳይ እጅ ነበሩ። በሰሜን ኤርትራን ኢጣልያ ይዛ ነበር። ምድር ባቡሩም የፈረንሳዮች ነበረ፤ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1907 ዓ.ም. እስከ አቃቂ ደርሶ ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ ጥይትም ሆነ ጨርቅ የሚያልፈው በእነዚህ ሦስት መንግሥታት በር ነበር።

ኢጣልያ በመጀመሪያው ዓመት ገለልተኛ ነኝ ብላ ተቀምጣ ነበር። ነገር ግን ሁለቱ ወገኖች በየፊናቸው መሬት እንስጥሽ እያሉ ሲያባብሏት ቆይተው፥ በግንቦት 1907 ዓ.ም. ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ጋር ሆና ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የኢትዮጵያ ጎረቤቶች ሁሉ የአንድ ወገን ሆኑ። ይህም የኢትዮጵያን ነገር የባሰ አከበደው። ጎረቤቶች እርስ በርሳቸው ሲፎካከሩ አንዱን በአንዱ መከላከል ይቻል ነበር፤ ዐፄ ምኒልክም በዚህ ጥበብ ብዙ ዘመን አገራቸውን ጠብቀዋል። ሦስቱ አንድ ከሆኑ በኋላ ግን ይህ ጥበብ አልሠራም።

በአዲስ አበባ ደግሞ የሁለቱም ወገን ወኪሎች ተቀምጠው ነበር። እንግሊዞች፥ ፈረንሳዮችና ኢጣልያኖች በአንድ ወገን፤ ጀርመኖችና ቱርኮች በሌላ ወገን ሆነው እያንዳንዳቸው በሌጋሲዮናቸው ተቀምጠው የልጅ ኢያሱን ፊት ይመለከቱ ነበር። የጀርመን ሚኒስትር ፎን ሲቡርግ፥ የቱርክ ቆንሲል ማዝሐር ቤይ ይባሉ ነበር። በኤውሮፓ በጥይት የሚገዳደሉት ሰዎች በአዲስ አበባ ጎዳና በበቅሎ ሲገናኙ ሰላምታ እንኳ አይሰጣጡም ነበር።

የቱርክ ሡልጣን በጥቅምት 1907 ዓ.ም. ከጀርመን ጋር ሆኖ ከጦርነት ገብቶ ነበር። በኅዳርም እስላሞች ሁሉ በእንግሊዝ፥ በፈረንሳይና በሩስያ ላይ እንዲነሡ የሚል የሃይማኖት ጥሪ አወጣ። በሱማሌ አገር ደግሞ ሰይድ መሐመድ ዓብደላ ሐሰን የሚባሉ ሰው ከእንግሊዞች ጋር ከዐሥራ አምስት ዓመት በላይ ሲዋጉ ኖረው ነበር። ጀርመኖችና ቱርኮች ነገሩን እንደዚህ አሰቡት። ኢትዮጵያ ብትነሣ፥ ሰይድ መሐመድም ቢበረቱ፥ እንግሊዝ ለሱዳንና ለግብፅ ስትል ብዙ ጦር ከኤውሮፓ ማምጣት ግድ ይሆንባታል። ስለዚህ ለልጅ ኢያሱ ታላቅ ተስፋ ይሰጡ ነበር፤ ጦርነቱ ሲያልቅ በጎረቤቶች የተወሰደው የባሕር በር ይመለሳል የሚል ነበር።

ልጅ ኢያሱ ይህን ሲሰሙ ልባቸው ወደዚያ መሳቡ የሚያስደንቅ አይደለም። እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ ገና በ1899 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ታመው ሳሉ፥ ኢትዮጵያን ሳያማክሩ በምድሯ ላይ የየድርሻቸውን ጥቅም የሚወስን ውል ተፈራርመው ነበር። በጦርነቱም በኩል ለጊዜው ነገሩ ለጀርመንና ለቱርክ የቀና ይመስል ነበር። በ1908 ዓ.ም. እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ከጋሊፖሊ ተመልሰው መርከብ ገቡ። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በኩት ከተማ የተከበበ የእንግሊዝ ጦር ለቱርኮች እጁን ሰጠ። የዜናው ወረቀት በሐረርና በአዲስ አበባ ሲነበብ፥ እንግሊዝ ተሸነፈ ያላለ ሰው ጥቂት ነበር። ልጅ ኢያሱም ሃያ አንድ ዓመታቸው ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ዛሬ ያሸነፈ ሁሉ ነገም የሚያሸንፍ ይመስላል።

ልጅ ኢያሱ ጦርነት አላወጁም። ነገር ግን ገለልተኝነት በአንድ ቀን አይፈርስም፤ እንደ ቆየ የድንጋይ ካብ አንድ አንድ ድንጋይ እየወጣለት ይፈርሳል እንጂ። በመጀመሪያ ወደ ሐረርና ወደ ጅጅጋ ሄደው ከሱማሌ ባላባቶች ጋር ወዳጅነት አደረጉ። ቀጥሎ ከሰይድ መሐመድ ጋር መላላክ ጀመሩ፤ የተበላሸ ጠመንጃና መትረየስ የሚያድስ አንድ ጀርመናዊ ሠራተኛም ላኩላቸው። ይህ ሠራተኛ በኋላ ሊያመልጥ ሞክሮ በበረሓ በውኃ ጥም ሞተ። ለእንግሊዝ ጠላት ሰው መላክ፥ ጦር ከመላክ በምን ይለያል ብለው እንግሊዞች ቢጠይቁ የሚመልስላቸው ማን ነበር?

ከዚህ በኋላ ወሬ በወሬ ላይ ተደረበ። ልጅ ኢያሱ ሃይማኖታቸውን ለወጡ፥ መስጊድ ገብተው ሰገዱ፥ የጨረቃ ምልክት ያለበት ሰንደቅ ዓላማ ለቱርኩ ቆንሲል ሰጡ ተባለ። ከዚህ ውስጥ ስንቱ እውነት ስንቱም ሐሰት እንደ ሆነ የታሪክ ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ብዙዎቹ ግን ልጅ ኢያሱ ሃይማኖታቸውን ፈጽሞ ከመለወጥ ይልቅ፥ እስላሙንም ክርስቲያኑንም ሕዝብ በአንድነት ወዳጅ ለማድረግ አስበው ነበር ይላሉ። አባታቸው ከሁለቱም ወገን የሆነ ልጅ እንደዚህ ቢያስብ የሚገርም አይደለም። ነገር ግን ሐሳባቸውን ለመኳንንቱ በጊዜው አላስረዱም፤ ለሊቀ ጳጳሱም አላማከሩም። ያልተነገረ ሐሳብ ደግሞ ጠላት እንደ ፈቀደ ይተረጕመዋል።

በነሐሴ 1908 ዓ.ም. ደጃዝማች ተፈሪን አባታቸው ራስ መኰንን ካቀኑት ከሐረር ግዛት ነቅለው ወደ ከፋ እንዲሄዱ አዘዙ። ደጃዝማች ተፈሪ የልጅ ኢያሱን የእኅት ልጅ ወይዘሮ መነንን አግብተው ስለ ነበር የቅርብ ዘመድ ነበሩ። በዚህ ሽረት ኃይለኛ ጠላት አፈሩ። በዓመቱ መለወጫ ሰሞን የሦስቱ መንግሥታት ሚኒስትሮች በአንድነት ሆነው ለኢትዮጵያ መንግሥት የተቃውሞ ደብዳቤ ሰጡ። መሣሪያ በባቡር እንዳይገባም ከለከሉ። ለኢትዮጵያ መኳንንት የቀረው ምርጫ ጠባብ ነበር። ከልጅ ኢያሱ ጋር ሆነው ከሦስት ወገን የሚመጣ ጦር ይጠብቁ፥ ወይም ልጅ ኢያሱን ያውርዱ።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል በዓል መኳንንቱ በቤተ መንግሥት ተሰበሰቡ። የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጉባኤው ራስ ነበሩ። ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡንና መኳንንቱን ለልጅ ኢያሱ ከማሉት መሐላ ፈቱ። የዐፄ ምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፥ ደጃዝማች ተፈሪም ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። ልጅ ኢያሱ በዚያን ቀን በሐረር ነበሩ፤ ከአልጋቸው የወረዱት ከመንበራቸው ብዙ ቀን መንገድ ርቀው ሳሉ ነው። ወደ አዲስ አበባ የላኩት ጦር በመንገድ ሚኤሶ ላይ ተመለሰ። በሐረርም ብዙ ሱማሌዎች በግፍ ተገደሉ፤ እነርሱም ከነገሥታቱ ምክር አንዱን ቃል እንኳ የማያውቁ የገበያ ሰዎች ነበሩ። ልጅ ኢያሱ ወደ አፋር በረሓ ሸሹ።

ንጉሥ ሚካኤል ግን ስለ ልጃቸው የወሎን ሠራዊት አስከትለው ወደ ሸዋ ዘመቱ። እንግዲህ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ከኤውሮፓ ጦርነት ኢትዮጵያ ራቀች ሲባል፥ ጦርነቱ በሌላ በር ገብቶ ኢትዮጵያዊውን ከኢትዮጵያዊው ጋር አጋጠመው። በቶራ መስክ ራስ ልዑል ሰገድ የሚመሩትን የሸዋ ጦር ንጉሥ ሚካኤል ደመሰሱ፤ ራስ ልዑል ሰገድም በዚያው ወደቁ። ንጉሡ ወዲያው ወደ አዲስ አበባ ቢገሠግሡ ምናልባት ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ግን ለእርሳቸው የታመኑ መስለው ደብዳቤ እየላኩ እንዳዘገዩአቸው ይነገራል። በዚያ መካከል ከየአገሩ የተጠራው የሸዋ ጦር ደረሰ።

በእነዚያ ቀናት በአዲስ አበባ ትልቅ ፍርሃት ነበረ። የራስ ተፈሪ የበኵር ወንድ ልጅ አስፋ ወሰን ገና የሦስት ወር ሕፃን ነበሩ። ንጉሥ ሚካኤል ቢያሸንፉ ሕፃኑ እንዳይጠፉ፥ የእንግሊዝ ሚኒስትር ቴሲገር በሚኖሩበት ሌጋሲዮን ተሸሸጉ። ገለልተኛ የነበረችው አገር የአልጋ ወራሽዋን ልጅ በአንዱ ተዋጊ ቤት አስቀመጠች።

ዓርብ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ በሰገሌ ሜዳ ሁለቱ ሠራዊት ተጋጠሙ። ከዐድዋ ወዲህ በአገሪቱ ውስጥ እንደዚህ ያለ ብዙ ሰው የተገናኘበት ውጊያ አልተደረገም ነበር። በዐድዋ ጐን ለጐን የተሰለፉት የወሎና የሸዋ ሰዎች በሰገሌ ፊት ለፊት ቆሙ፤ ንጉሥ ሚካኤልና ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም ራሳቸው የዐድዋ ዘማቾች ነበሩ። ውጊያው ቀኑን ሁሉ ሲደረግ ውሎ የወሎ ጦር ተፈታ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። ሽማግሌው ንጉሥ በአዲስ አበባ በሰልፉ መካከል ታስረው በሕዝቡ ፊት አለፉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ነጻ ሳይወጡ ሞቱ። ልጅ ኢያሱ ጥቂት ሰው ይዘው ከአፋር ቢመጡም ለአባታቸው ሳይደርሱ ነገሩ አልቆ ቆያቸው። ጀርመኖችና ቱርኮች ከሰጡት ተስፋ አንዲት ጥይት እንኳ ለሰገሌ አልደረሰችም፤ በሁሉም ወገን ባሕሩ በጠላቶቻቸው ተዘግቶ ነበርና።

ከዚህ በኋላ የልጅ ኢያሱ ኑሮ የስደት ኑሮ ሆነ። በ1909 ዓ.ም. በመቅደላ አምባ ተከብበው ከርመው በክረምቱ አምልጠው ወጡ። ከዚያ እየተሳደዱ በአፋርና በትግሬ ዳርቻ ተንከራተቱ።

በዚህ መካከል የኤውሮፓ ጦርነት ሌሎችንም ገለልተኞች እየጐተተ ሄደ። አሜሪካ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ተለይታ ከተቀመጠች በኋላ፥ የጀርመን የባሕር ውስጥ መርከቦች ንግዷን ስላጠፉባት በመጋቢት ወር 1909 ዓ.ም. ገባች። ግሪክ በዚያው ዓመት ንጉሡ ከተባረሩ በኋላ ገባች። በእርሷ ዘንድም እንደ ኛ አገር፥ አንዱ ወገን ለጀርመን ሌላው ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ ሆነው አገሪቱ ለሁለት ተከፍላ ነበር። ስዊስና ስዊድን ግን እስከ መጨረሻው ሳይገቡ ቀሩ። ኢትዮጵያም በወረቀት ላይ እስከ ፍጻሜው ገለልተኛ እንደ ሆነች ኖረች። ጦርነቱ ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. ሲቆም፥ የኢትዮጵያ መንግሥት ደጃዝማች ናደውን፥ ብላታ ኅሩይንና ሌሎችን ልኮ ድል ላደረጉት መንግሥታት የደስታ መልእክት አደረሰ፤ መልእክተኞቹም እስከ ዋሽንግቶን ተጓዙ። በመስከረም 1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከመንግሥታት ማኅበር ገባች።

ልጅ ኢያሱ በጥር 1913 ዓ.ም. በትግሬ ተይዘው በሸዋ በፍቼ በራስ ካሣ ጥበቃ ሥር ተቀመጡ። በዚያ ዐሥራ አንድ ዓመት ቆዩ። በ1924 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ከደፉ በኋላ፥ ልጅ ኢያሱ ከፍቼ አመለጡ። ብዙ ሳይርቁ እንደ ገና ተያዙ፤ ነገር ግን ማን ረዳቸው የሚለው ጥያቄ ወደ ጐጃም ደረሰ። የወይዘሮ ሰብለ ወንጌል አባት ራስ ኃይሉ ጉዳዩን ያውቁ ነበር ተብለው ተከሰሱ፤ ተፈርዶባቸው ሀብታቸው ተወረሰ፥ ታሰሩም። ከአባታቸው ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጀምሮ በአንድ ቤት ይገዛ የነበረው ጐጃም ወደ ራስ እምሩ ተላለፈ። በሳራዬቮ የተተኰሰው ጥይት የጐጃምን ገዥ ከቦታው ያነሣል ብሎ በ1906 ዓ.ም. ቢናገር ማን ያምነው ነበር?

በእነዚያው ዓመታት በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል ቺዝማን ተቀምጠው ነበር፤ ከ1917 እስከ 1926 ዓ.ም. ድረስ በዚያ ቆይተው የጣናን ዳርና የዓባይን ወንዝ ዞረው በካርታ አሳይተዋል። የዳንግላ ሕዝብም የውጭ መንግሥት ሰንደቅ ዓላማ በከተማው ውስጥ ሲውለበለብ ማየት ለምዶ ነበር። ሩቅ የተባለው መንግሥት እንዲህ ቅርብ ነበር።

ልጅ ኢያሱ ከፍቼ ተነሥተው በሐረር አውራጃ ወደ ጋራ ሙለታ ተወሰዱ፤ በዚያም በጽኑ ጥበቃ ተቀመጡ። ከተራራው ላይ ሆነው የሚያዩት፥ በወጣትነታቸው ከሱማሌ ባላባቶች ጋር ይጋልቡበት የነበረው የምሥራቁ ቆላ ነው። በኅዳር 1928 ዓ.ም. በዚያው ሞቱ፤ ዕድሜያቸው አርባ ዓመት ነበር። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሰላም አፈረሱብን ብለው ከጻፉት ሦስት መንግሥታት አንዷ ኢጣልያ፥ በዚያ ወር ጦሯን በኢትዮጵያ ምድር አስገብታ መቀሌን ይዛ ነበር።